ከካርቶኑ ቀዳዳ በታች ስለ ቀረው ትክክለኛ መልስ

ለተከበሩ የፈተና እርማት ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ፣ በተለይም የዓይንዎ ጤና፣ እንደምን እንዳለ ለማወቅ ከልብ እጓጓለሁ። እኔ ሊፍት ጠግኜ የማድር ሴት ነኝ፤ ዘንድሮ የፊዚክስ ፈተና የወሰደች አንዲት ልጅ አለችኝ። ልጄ የማለፊያውን ነጥብ ያጣችው በሦስት ብቻ ሲሆን፣ ስለ ጉልበት በቀረበው አሥራ አራተኛ ጥያቄ፣ አሥር ነጥብ በሚያሰጠው፣ መልሱን በትክክል አግኝታ ዜሮ ተሰጥቷታል። የኮሌጁ ምዝገባ አርብ ይዘጋል። ውድ ጊዜዎን ስለምሻማ አስቀድሜ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ አቤቱታዬን እንደሚከተለው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ ካርቶኑ። የልጄን ወረቀት ለማየት ቢሮዎ በመጣሁበት ዕለት ወንበር የሚሰጠኝ ሰው ባለመኖሩ ግድግዳ ተደግፌ አርባ ደቂቃ ቆሜአለሁ፤ በዚህም አራሚዎችዎ ሲሠሩ በቅርብ የማየት ዕድል ስላገኘሁ አመሰግናለሁ። አራሚው መሀሉ በምላጭ የተቀደደ ካርቶን በወረቀቱ ላይ ያነጥፋል፤ በቀዳዳው የታየው ይታረማል፣ ያልታየው እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ይህ ዘዴ ሥራ እንደሚያፋጥን አራሚዎችዎ በኩራት አስረድተውኛል። አልዋሹም፤ ዜሮ ለመስጠት ከዚህ የፈጠነ መንገድ እኔም አላውቅም።

2. ስለ ልጄ ጥፋት። ጥያቄው ሁለት ኪሎ የሚመዝን ሳጥን ከቆመበት ተነሥቶ ከአምስት ሜትር ከፍታ ሲንሸራተት፣ ሰበቃ ሠላሳ ስድስት ጁል ጉልበት ቢወስድበት፣ ታች ሲደርስ ፍጥነቱ ስንት ነው የሚል ነበር። ልጄ ፎርሙላ ከመምዘዟ በፊት ሥዕል ሣለች፤ ሳጥኑን ላይ፣ ሳጥኑን ታች አድርጋ፣ በጎኑ መጀመሪያ ስንት ነበረ፣ መሀል ላይ ማን ወሰደ፣ መጨረሻ ስንት ቀረ ብላ ጻፈች። ይህን ክፉ ልማድ ያስያዝኳት እኔ መሆኔን አልክድም። በተበላሸ ሊፍት ሥር ስገባ፣ መፍቻ ከማንሣቴ በፊት ክብደቱ የት እንዳለና ምን እንደያዘው ካልጠየቅሁ ማታ ቤቴ አልገባም፤ እሷም ይህንኑ ስታይ ነው ያደገችው። ከዚያም መቶ ጁል ነበረ፣ ሠላሳ ስድስቱን ሰበቃ በላው፣ ስድሳ አራቱ ቀረ ብላ፣ በሰከንድ ስምንት ሜትር የሚል መልስ አስቀመጠች። የእርስዎም መልስ ስምንት ነው። ነገር ግን ሥዕሉ ቦታ ስለያዘ፣ ስሌቱ ከቀዳዳው አራት ጣት ያህል ወርዶ አረፈ። በቀዳዳው የታየው ሥዕሉ ብቻ ነው፤ ለሥዕል ደግሞ ነጥብ የለም።

3. ስለ ፖስተርዎ። በኮሪደርዎ ግድግዳ ላይ፣ ልክ እኔ በተደገፍኩበት በኩል፣ ተማሪዎች ችግር ፈቺ አእምሮ እንዲኖራቸው፣ ከፎርሙላ በፊት እንዲያስቡ፣ እንዲሥሉና እንዲጠይቁ የሚመክር ትልቅ ፖስተር ተለጥፏል፤ ከሥሩም የእርስዎ ፎቶ አለ። ፎቶው አምሮብዎታል። ምክሩን ቃል በቃል የፈጸመች አንዲት ተማሪ ተገኝታ ስለነበር የምሥራቹን ልንገርዎ ብዬ ነው።

4. ስለ ይግባኙ። ወረቀቱ በድጋሚ ታይቶ የነጥብ ለውጥ እንዳልተገኘ የሚገልጽ፣ ማኅተሙ የደመቀ መልስ ደርሶኛል። በምን እንደታየ መስኮቱ ላይ ያለውን ሠራተኛዎን ስጠይቀው፣ በዚያው ካርቶን መሆኑን በትሕትና ነገረኝ። ካርቶኑን አራት ጣት ዝቅ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ስለምነው ደግሞ፣ የእርስዎ የጽሑፍ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ገለጸልኝ። ፈቃዱን ለመጠየቅ ሦስት ጊዜ ብመጣ፣ ሦስቱንም ጊዜ እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። የስብሰባው ርዕስ በሩ ላይ ተለጥፎ አንብቤዋለሁ፤ ተማሪዎች ለምን ማሰብ እንዳቃታቸው የሚመክር ነበር። ጥናቱ በመልካም እንዲጠናቀቅ እመኛለሁ።

ክቡር ሆይ፣ እስካሁን በትሕትና የጻፍኩት ደብዳቤዬ ቅርጫት እንዳይገባብኝ ፈርቼ ነው እንጂ፣ አንጀቴ አርሯል። ልጄ ባለማወቋ ብትወድቅ እሷን እቆጣት ነበር፤ አውቃ የወደቀችውን ልጅ ምን ብዬ እንደማናግራት ግን ግራ ገብቶኛል። እኔ በሥራዬ አንድ ነገር ሳላይ ባልፍ ሰው ይሞታል፤ ስለዚህ በየቀኑ በጀርባዬ ተኝቼ ከሥር አያለሁ። እርስዎን እንዲህ ይድከሙ አልልም። ከአርብ በፊት፣ በአንድ እጅዎ፣ አንዱን ካርቶን ከአንዱ ወረቀት ላይ ያንሡልኝ።

ካርቶን በማንሣት ለሚባክነው ጊዜዎ ከወዲሁ ከልብ እያዘንኩ፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለቀዳዳውም ጥቂት ስፋት የምመኝ፣ የጽሑፍ ፈቃድዎን እንደተለመደው ቆሜ የምጠብቅ፣

ሊፍት ጠጋኟ፣ የተፈታኟ እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ልጄ ከጎኔ ተቀምጣ ለሚመጣው ዓመት መለማመድ ጀምራ ነበር። ጥያቄው ቁልቁለት ስለሚወርድ ጋሪ ነው፤ ሰበቃም አለበት። ሥዕል አልሣለችም፣ ምንም አልጠየቀችም። ፎርሙላውን ቀዳዳው በሚያርፍበት ቦታ በንጹሕ እጅ ጽሑፍ አስቀመጠች፣ ሰበቃውን ዘለለችው፣ መልሱም ተሳሳተ። እንኳን ደስ አለዎት፤ አስተምረዋታል።