እጀታው ላይ የነበረው እጄ

ውድ ልጄ፣

የፊታችን ቅዳሜ ወደ ቤት እንደማትመጪ አማካሪሽ ከማገገሚያ ማዕከሉ ደውላ ነገረችኝ። «እናቴ በሩን ልትከፍትብኝ ነበር» ብለሻል። እጄን እጀታው ላይ አይተሻል። እውነት ነው፣ እዚያ ነበር።

ስምምነታችንን አልረሳሁም። ንዴትሽ ሲነሳ «ዕረፍት» ትያለሽ፤ ክፍልሽ ትገቢያለሽ፤ በራስሽ ጊዜ እስክትወጪ ማንም አይከተልሽም። አማካሪሽ ቢሮ ተለማምጄዋለሁ። አንቺን ሆና «ተዪኝ በቃ!» ስትለኝ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ የት እንደገባ እንጃ።

«ብዙ ቤተሰብ ላይ ተጠንቶ የሠራ ዘዴ ነው» አለችኝ።

«እኔ ቤት ተጠንቷል?»

«እሱን ገና አሁን መጀመራችን ነው።»

ባለፈው ቅዳሜ ምሳ ላይ ያ ነገረኛ አጎትሽ አላስችል አለው። «እዚያ የሚያስተምሯችሁ ማኩረፍ ነው እንዴ?» ሹካሽን አስቀመጥሽ። «ዕረፍት» አልሽ። በሩ ተዘጋ።

እጆቼን ጭኖቼ ሥር ቀበርኳቸው። ጆሮዬ ግን ተከትሎሽ ገብቷል። መስኮቱ ሲጢጥ አለ። ያው መስኮት። አምና ዘለሽ የጠፋሽበት።

«ሰማሽ?» አለ አጎትሽ። «ግቢ እንጂ! የምን ዕረፍት ነው፣ ልጅቷ ልታመልጥ ነው!»

«ተዋት።»

«አንቺ ካልገባሽ እኔ እገባለሁ።»

ተነሳ። ቀደምኩት። እጀታውን ጨብጬ እሱን በትከሻዬ ገፋሁት። «እኔን ሳትረግጥ አታልፍም» አልኩት፣ በሹክሹክታ። ዕረፍትሽን እንዳልረብሽ ብዬ! ምነው በጮህኩ ኖሮ። ትሰሚኝ ነበር።

እሱ እያጉረመረመ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። እጄ ግን አልተመለሰም። ያኔ በሩን ከፈትሽው።

እጀታውን የያዝኩት እሱን ላግድ ነው። እሱ ከሄደ በኋላስ? ልዋሽሽ አልፈልግም፤ አላውቅም። ከመስኮቱ አየር ብቻ ፈልገሽ እንደነበር የገባኝ ፊትሽን ሳይ ነው።

«እኔ አልችል ካልኩስ?» ብዬ አማካሪሽን ጠየቅኋት። «ዕረፍት» የሚለው ቃል ያንቺ ብቻ አይደለም አለችኝ፣ የኔም ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ነይ። አጎትሽን አልጠራሁትም። በርሽን ዝጊ፤ መስኮትሽንም ክፈቺ። እኔ አልችል ካልኩ «ዕረፍት» ብዬ ወደ ደጅ እወጣለሁ።

ያኔ አንቺም እንዳትከተዪኝ። እመለሳለሁ።

እናትሽ