ያቺን ቃል ማን አስተማራት?

ይድረስ ጆሃንስበርግ ላለኸው ለታላቅ ወንድሜ ለቤኪቴምባ፤

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበትክ? ወገብህን ተሻለህ? ቶኮዚሌስ እንዴት ናት? ልጆቹስ በረቱ? እኛ ሙቀቱ ቢያንገበግበንም በአምላክ ቸርነት አለን። እማማም ጉልበቷን ከሚይዛት በቀር ደህና ናት።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ኮረዳ ከቡላዋዮ አውቶቡስ ወርዳ ወደ ግቢያችን መጣች። በራፍ ላይ ቆማ «ሳኒቦናኒ» ብላ ሰላምታ ሰጠች። ልብ በል፣ እንደኛ «ሳሊቦናኒ» አላለችም። «ኖኩካንያ እባላለሁ፤ የምቆንዲሲ ልጅ ነኝ» ስትል ክው አልኩ። ድንበር ተሻግሮ የውሃ ሽታ ሆኖ የቀረው ወንድማችን ልጅ!

እውነቱን ልንገርህ፣ አላመንኳትም። ከብታችንን የተመኘ ሰው የላካት መሰለኝ። አነጋገሯም የከተማ ዙሉ ነው። ጎረቤታችን ማዱቤ ግን ሳቀችብኝ። «አንቺ ደግሞ! እኛና ዙሉ የአንድ እናት ጡት የጠባን ነን። አያቶቻችን ወደዚህ ሲመጡ ከሶቶውም ከካላንጋውም ቃል እየቃረሙ ነው አፋችን የተለየው። ሰው በሰላምታው ይከሰሳል እንዴ?» አለችኝ። እኔ ግን ዓይኔን ከልጅቷ አልነቀልኩም።

በማግስቱ የበቆሎ ገንፎ ስንበላ ትን አላትና «አያቴ፣ ጥምቆራጭ ያቀብሉኝ» አለች። ውሃ ማለቷ ነው! እማማ ሙሽራ ሆና ስትመጣ የአማቷ የማንዜዙሉ ስም ከውሃው፣ ከ«አማንዚ» ጋር ስለገጠመባት፣ እንደ ሙሽራ ወግ ስማቸውን በአፏ ላለማንሳት ራሷ ያወጣችው ቃል ነው። ከዚህ ቤት በቀር የሚለው የለም። እማማ ልጅቷን አቅፋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

እኔም አቀፍኳት። ወደ ጓሮ ወስጄ «ማነው ያስተማረሽ?» አልኳት።

«አባቴማ ጡት ሳልጥል ነው የሞተው። የአባቴ ወንድም፣ ትልቁ አባባ ቤኪ ናቸው ያስተማሩኝ። እሁድ እሁድ እየመጡ፣ የቤትሽን ቋንቋ እንዳትረሺ ይሉኛል። እናቴ ስታርፍ አያቴ ጋ ልሂድ ብላቸው፣ አያትሽም ሞተዋል አሉኝ። እናቴ ግን መንደሩን ነግራኝ ስለነበር ዝም ብዬ መጣሁ» አለችኝ።

ወንድም ጋሼ፣ በየዓመቱ «ፈልጌ አጣሁት» እያልክ የምትጽፍልን አንተ ነህ። እንዴት ሞተ? በማን እጅ? እናትህን በቁሟ እስክትገድል ድረስ የሸሸግከው ምንድነው? ክፉ ክፉው ነው የሚታየኝ፤ እንዲህ ማሰቤን ራሱ እጠላዋለሁ።

ለእማማ ትንፍሽ አላልኩም ነበር። ዛሬ ግን እስክሪብቶ ሳነሳ አይታኝ፣ «ለቤኪ ከሆነ፣ የልጄ መቃብር የት እንደሆነ ይንገረኝ በይው። ደብዳቤውን ስታነቢልኝ እሰማ የለ? ስለ ወንድሙ ‹ነበረ› ማለት ከጀመረ ስንት ዘመኑ!» አለችኝ።

ለቶኮዚሌና ለልጆቹ ሰላም በልልኝ። ማዱቤም ሰላም ብላሃለች። ኖኩካንያ «ትልቁ አባባ እንዳይቆጡኝ» ብላ እጅ ትነሳለች። እማማ ግን ሰላምታዬን መጥቶ ይውሰድ ብላለች።

እህትህ ሲካንጌዚሌ
ቾሎቾ፣ መስከረም 20 ቀን 1997