ለክፍል አለቃዬ፦ ስለ አምፖሉ

ውድ የክፍል አለቃዬ፣

አስተማሪ ሆነሽ ሳለ አሁንም በዚህ ስም ስጠራሽ ቅር እንዳይልሽ። ከስምሽ ይልቅ የሚቀናኝ ይኸው ነው። ስድስተኛ ክፍል ሳለሽ ጠመኔ የምታመጪልኝ፣ እኔ ስወጣም የረባሾችን ስም የምትመዘግቢልኝ አንቺ ነበርሽ። ደብዳቤ ሲጻፍ ጉዳዩ በመግቢያው ይገለጻል ብዬ አስተምሬሻለሁና ልግለጸው። ስለ ተግባር ክፍለ ጊዜሽ ለትምህርት ቤቱ ያቀረብኩት ሪፖርት እውነተኛ አልነበረም። የጻፍኩት ሁሉ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። አንድ ነገር ትቼበታለሁ፤ የተውኩት ግን ዋናውን ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። በሳምንት ካሉት አምስት የሳይንስ ክፍለ ጊዜዎች ሁለቱ ልጆቹ የተማሩትን በእጃቸው የሚሠሩባቸው ይሁኑ ብለሽ ጠየቅሽ። ርዕሰ መምህሩ ብቻውን መወሰን ፈራና ለሙከራ ፈቅዶ ሦስት ሰው አይቶ ይፍረድ አለ፤ እሱ ራሱ፣ የወላጆች ተወካይ የሆነው አናጢና እኔ። እኔን የጠራኝ በዚያው ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሳይንስ ስላስተማርኩ ነው። የመጨረሻው ቃል የእኔ እንደሚሆን ሦስታችንም እናውቅ ነበር።

ፍርዴን ይዤ እንደመጣሁ አልክድም። እኔ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ የተማርኩ ሰው ነኝ። በእኛ ጊዜ እጁን ያንቀሳቀሰ ተማሪ ጣቶቹን በማስመሪያ ይመታ ነበር። አስተማሪ ስሆንም የሳይንስ ዕቃዎቹን በመስታወት ቁም ሣጥን ቆልፌ፣ ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ኖርኩ። ጡረታ ስወጣ አንድም ሳይሰበር አስረከብኩ። ለዚህም ምስጋና በጽሑፍ ተሰጥቶኛል።

ያን ቀን የገባንበት ክፍል ድሮ የተሰበሩ ወንበሮች የሚከማቹበት መጋዘን ነበር። ጠረጴዛዎቹን አራት አራት አጋጥመሻቸዋል። በላያቸው የባትሪ ድንጋይ፣ ቁርጥራጭ ሽቦ፣ ካርቶን፣ ፒንሳ፣ ትናንሽ የባትሪ አምፖሎች፣ አንድ መጋዝም ነበር። ሠላሳ ስምንት ልጆች ቆጠርኩ፤ ሠላሳ ስምንቱም ያወራሉ። ርዕሰ መምህሩ አንድ ጆሮውን በእጁ ያዘ። አናጢው ግን የራሱ ቤት የገባ መሰለው፤ ኮቱን አውልቆ መጋዝ እንዴት እንደሚያዝ ማሳየት ጀመረ። እኔ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ማስታወሻዬ ላይ «ጩኸት» ብዬ ጻፍኩ።

አውራ ጣቷ ላይ ፕላስተር የለጠፈች ልጅ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«እማማ፣ ሥራ ፈተዋል? ይቺን ይያዙልኝ።»

ጓደኛዋ ማጣበቂያ ልታመጣ ሄዳ ረዳት አጥታ ኖሯል። ሥራ ፈተሻል ተብዬ ስለማላውቅ ደንግጬ ተቀበልኳት። ሁለት ድንጋዮችን አጋጥማ በግራና በቀኝ ሽቦ ለጥፋባቸዋለች። እሷ ድንጋዮቹን ይዛ፣ አምፖሉንና የሁለቱን ሽቦዎች ጫፍ ለእኔ ሰጠችኝና አብሯት አለችኝ።

ያንን አምፖል በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ሰሌዳ ላይ ከሺህ ጊዜ በላይ ሳልሥለው አልቀረሁም። ክብ ይደረጋል፣ ውስጡ የመስቀል ምልክት ይገባል፣ ከግራ አንድ ሽቦ፣ ከቀኝ አንድ ሽቦ። በማስመሪያ ላላሠመረ ሁለት ነጥብ እቀንሳለሁ። ታዲያ እንደ ሥዕሉ አደረግሁ። አንዱን ሽቦ በመስታወቱ ግራ፣ ሌላውን በመስታወቱ ቀኝ አስነካሁ። አልበራም። ጫን አደረግሁት።

ልጅቷ አየችኝ። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እማማ፣ መስታወቱን አይደለም። አንዱ አንገቱ ላይ፣ አንዱ ቂጡ ላይ ነው» አለችኝ።

ቀና ስል አንቺ ከላያችን ቆመሻል። ሽቦውንም እጄንም አየሽ። ወዲያው ዞር ብለሽ ርዕሰ መምህሩንና አናጢውን ጠራሽና ከእንጨት ስንጥር የተሠራ ድልድይ ሦስት ጡብ ተሸክሞ እንዲያዩ ወደ ወዲያኛው ጥግ ወሰድሻቸው። እንዳያዩኝ ብለሽ ነው። ብትስቂብኝ ይሻለኝ ነበር። ስቆብኝ የሚያውቅ ሰው አለ፤ የሸፈነኝ ግን አልነበረም፣ እንዴት እንደምቀበለውም አላወቅሁበትም።

ቤቴ ገብቼ በዚያው ከሰዓት ሪፖርቱን ጻፍኩ። ክፍሉ ሥርዓት የለውም አልኩ። ልጆች በስለት ይጫወታሉ አልኩ። ለፈተና የሚጠቅም አይደለም አልኩ። በአራተኛ ደረጃ አንዲት ተማሪ ለአንዲት አዛውንት ጸያፍ ቃል መናገሯን ጠቀስኩ። አዛውንቷ ማን እንደሆነች፣ ቃሉ ለምን እንደተነገረ አልጻፍኩም። ርዕሰ መምህሩ ሳያነብ ፈረመ። አናጢው አልፈርምም አለ።

«እትዬ፣ የእርስዎ ትምህርት ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ወተቷን ማን አይቶ?» አለኝ።

እኔም መጋዝ እንጂ ትምህርት እንደማያውቅ፣ ከመጠምጠም መማር እንደሚቀድም ነገርኩት። ተረቱ ለማን እንደሚገባ እዚያ ከነበርነው ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

የቀረውን ታውቂዋለሽ። ሁለቱ ክፍለ ጊዜዎች ተሰረዙ፣ ወንበሮቹ ወደ መጋዘናቸው ተመለሱ፣ አንቺም ሌላ ትምህርት ቤት ተቀጠርሽ። ልትሰናበቺኝ በሬ ድረስ መጣሽ። ስለ አምፖሉ ትንፍሽ አላልሽም። ጤናዎን ይጠብቁ አልሽኝ፤ እኔም በአዲሱ ቦታሽ ሰዓት አክብሪ አልኩሽ። አንድ ደቂቃ አርፍደሽ የማታውቂውን ልጅ።

ይህ ከሆነ ሰባት ወሩ ነው። ከሄድሽ በኋላ ሱቅ ወርጄ አንድ የባትሪ አምፖልና ሁለት ድንጋይ ገዛሁ። ባለሱቁ የባትሪው ቀፎስ አለኝ፤ አያስፈልገኝም አልኩት። ምግብ ማብሰያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ልጅቷ እንዳለችው አደረግሁ። በመጀመሪያው ሙከራ በራ። በቀን ብርሃን ይህን ያህል የሚታይ አልነበረም፤ ግን በራ። በሰባ ሦስት ዓመቴ መሆኑ ነው። በየዓመቱ «መምህርት፣ እንየው?» የሚለኝ ልጅ አይጠፋም ነበር። መጽሐፉ ላይ እየው እለው ነበር። እሱም ያይ ነበር፤ ሌላ ምን ያድርግ?

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ስድስተኛ ክፍል ሳለሽ አንድ ቀን ስመለስ የረባሾች ዝርዝር ውስጥ የሦስት ወንዶች ስም ሰፍሮ፣ አራተኛው የራስሽ ነበር። ማን ጻፊ አለሽ ብልሽ «አውርቻለሁ፣ መምህርት» አልሽኝ። እስኪደወል ከወንዶቹ ጋር አስቆምኩሽ። ለብዙ ዓመት ለሰው ሳወራው ሐቀኝነትን ያስተማርኳት እኔ ነኝ እል ነበር። ስምሽን የጻፍሽው እኔ ሳልኖር ነው። የእኔ ድርሻ ማስቆሙ ብቻ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ርዕሰ መምህሩን ስብሰባ ጥራልኝ አልኩት። ያለቀ ነገር ነው አለኝ፤ አላለቀም አልኩት። ሁለተኛ ሪፖርት ጽፌ ነበርና ቆሜ አነበብኩት። መስታወቱን፣ ግራና ቀኙን፣ ጫን ማድረጌን፣ ልጅቷ ያለችውን ቃል ሳይቀር እንዳለ አነበብኩት። ርዕሰ መምህሩ እስክሪብቶውን ሲከፍትና ሲገጥም ቆየ። አናጢው ይቀልድብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሱ ግን የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ልጅቷስ?»

ልጅቷ በእኔ ሪፖርት ምክንያት እናቷ ተጠርታባት፣ የጠባይ ውጤቷም ዝቅ ብሎባት ነበር። አላወቅሁም ነበር ማለት አልችልም፤ አልጠየቅሁም። በማግስቱ እረፍት ላይ ፈልጌ አገኘኋትና ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ውጤቷም እንደሚስተካከል ነገርኳት። ይቅርታ ስጠይቃት፣ «ኋላስ በራልዎት?» አለችኝ።

በራ አልኳት።

«በስንት ድንጋይ?»

«በሁለት።»

«ደግ አደረጉ። በሦስት ቢሆን ተቃጥሎብዎ ነበር» ብላኝ ወደ ጓደኞቿ ሄደች። ለምን እንደሚቃጠል ልጠይቃት ፈልጌ ነበር፤ ደወሉ ተደወለ።

ሁለቱ ክፍለ ጊዜዎች ከመጪው ወሰነ ትምህርት ጀምሮ ተመልሰዋል። በዚህኛው ወረቀት ላይ ሦስታችንም ፈርመናል፤ ርዕሰ መምህሩም አንብቦ ነው የፈረመው። የጎደለው አስተማሪ ነው። ያሉት መምህራን አንድ በአንድ ተጠይቀው ሁሉም ሥራ በዛብን አሉ። አናጢው የመጋዙን ሥራ ለማሳየት በሳምንት አንድ ቀን እመጣለሁ ብሏል፤ ልጆቹ ለምን ብለው ሲጠይቁት የሚመልስ ሰው ግን አጠገቡ ይኑር ይላል። ይህን ሲል እሱም ርዕሰ መምህሩም እኔን አዩኝ።

ይቅርታሽን በዚህ ደብዳቤ አልጠይቅም። እሱን ያንቺ ጉዳይ አድርጌ ትቼዋለሁ፤ ከሥራው ጋር መደባለቅ የለበትም። የምጠይቅሽ እንድትመለሺ ነው። ርዕሰ መምህሩ ዝውውሩን ለመጻፍ ዝግጁ ነው፤ አዲሱ ቦታሽ ተመችቶሽ እንደሆነም ይገባኛል። ካልመጣሽ እኔ እገባለሁ። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ጩኸት አልወድም፣ ስለ አምፖልም የማውቀው ከአንገቱና ከታቹ አያልፍም። ለእነዚያ ልጆች ከእኔ የተሻለ እንደሚገባቸው ከማንም በላይ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

አዲሱ ወሰነ ትምህርት የሚጀምረው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። መርሐ ግብሩ መምህራን ክፍል ተለጥፏል። የሌሎቹ ስም በቀለም ሲጻፍ የእኔ ብቻ በእርሳስ እንዲሆን ጠይቄያለሁ። መጥተሽ አጥፊው።

የቀድሞ መምህርትሽ