ቀይ ነጥብ ያለው የፍሬን ማስተር

ሐምሌ 5 ቀን 2002፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ፔካ 12፣ ከአገር ቤት የሚመጡ የጭነት መኪናዎች የሚራገፉበት የከተማው መግቢያ። ሽንኩርት ጭነው የገቡት መኪናዎች አራት ብቻ። ሃያ ጆንያ አነሣሁ። እንደ ልማዴ በየጆንያው አፍ ላይ ቀይ ቀለም ነካ ነካ። ቀይ ነጥብ ያለው የእኔ ነው፣ ክርክር የለም።

መልስ ላይ ፒክአፑ ጉድ ሊሠራን ነበር። ዳዊት ፍሬን ሲረግጥ ፔዳሉ ወለል ድረስ ወረደ። ደጋግሞ ረግጦ ነው የያዘለት። ከፊታችን የኮንቴይነር መኪና ጭራ፣ አንድ ክንድ ሲቀረን ቆምን። ዳዊት ታናሽ ወንድሜ ነው፣ ሹፌሬም እሱ። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ሐምሌ 6፣ 3 ሰዓት

ካርቲዬ 6 ሰፈር፣ ሁሴን ጋራዥ። የድሬዳዋ ልጅ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ መኪናዬን ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም። ከሥር ገባ፣ ወጣ፣ እጁን ጠረገ። የፍሬን ማስተሩ፣ ዘይቱን የሚገፋው፣ አልቋል፣ ይቀየር አለ። በዚህ በሞተ ገበያ ያላሰብኩት ወጪ። የሚያውቀውን ሱቅ ጠቆመኝ፣ ከሌላ ቦታ እንዳትገዢ ብሎ አስጠነቀቀኝ።

ደብተሬ፣ ነጋዴ ነኝ። ሜካኒክ ሱቅ ሲጠቁም ባለሱቁ በኋላ ምን እንደሚያቀምሰው አውቃለሁ።

ሐምሌ 7

ራሴ ገዛሁ። ገበያ ውስጥ፣ ከማላውቀው ሰው፣ በግማሽ ዋጋ። ካርቶኑ የታሸገ፣ ዕቃው የሚያብረቀርቅ። ሥሩ ላይ ቀይ ነጥቤን አደረግሁበት።

ጋራዡ ውስጥ ተራ የሚጠብቁ ሹፌሮች ነበሩ። ዕቃውን ከፍ አድርጌ አሳየሁ። እናንተና ባለሱቆቻችሁ ስንት ዓመት በላችሁን አልኩ። ሳቁ። አንዱ፣ «ሁሴን፣ የዛሬ የጫት ገንዘብህ ቀረ» አለው። የበለጠ ሳቁ። ሁ. ዕቃውን አገላበጠ፣ ላስቲኩን አሸተተ። «እሺ እህቴ፣ አስቀምጪው» ብቻ።

ሐምሌ 10

መኪናው ወጣ። ዳ. ሄዶ አመጣው። ፍሬኑ ቆንጥጦ ይይዛል አለ። ጥሩ።

ሐምሌ 13፣ 4 ሰዓት

ውሃ ልጨምር ኮፈኑን ከፈትኩ። ማስተሩን አየሁ። ጥቁር፣ የተጫጫረ፣ አሮጌ። በጨርቅ ጠረግሁት። ቀይ ነጥብ የለውም።

አልጮህኩም። ዳዊትን ጠርቼ አሳየሁት። አዲሱን ሸጦ አሮጌ ሰክቶልናል አልኩት። ቀጥሎ አንድ ነገር አልኩ፤ ሳላሳንሰው ልጻፈው። «የሰረቀ እጅ ካልተነካ ይለምዳል» አልኩ። ዳ. የጎማ መፍቻውን ከወንበር ሥር አወጣ። አየሁት። ተከትዬው መኪናው ውስጥ ገባሁ።

በዚያው ቀን፣ 8 ሰዓት

የዕለቱ ጫት ከተማ ሳይገባ፣ ሰው ከሥራ ሳይበተን ደረስን። ሁ. መኪና ሥር ተኝቶ ይሠራ ነበር። ዳ. በእግሮቹ ጎትቶ አወጣው፤ ጀርባው በጠጠሩ ላይ ተላጠ። «አቦ ዳዊት፣ ምን ሆነህ ነው?» ሲል አፉን መታው። ጥርስ ወደቀ። ዘይት በጠጣው አሸዋ ላይ ደሙ ጥቁር ይመስላል። ተነሣ፣ ደገመው። ከዚያ ቀኝ እጁን ይዞ የሥራ ጠረጴዛው ላይ አስተኛውና በብረቱ መታ። ድምፁ የደረቀ ሸንኮራ ሲሰበር ይመስላል።

ሁሴን በአገጩ ወደ መደርደሪያው አመለከተኝ። ሄድኩ። ካርቶኑ እዚያው ነው። ከፈትኩት። ቀይ ነጥብ።

በቃ አልኩ። ዳ. ሰምቶኛል። አንድ ጊዜ ጨመረ።

ሐምሌ 14፣ ከሰዓት

ሁ. ቤት ሄድኩ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ አላስገባም አለች። እሱ ከውስጥ አናገረኝ፤ አፉ አብጦ ቃሉ ይንሸራተታል። የገዛሽው የውሸት ነው አለ፣ ላስቲኩ በፍሬን ዘይትና በዚህ ሙቀት ይሟሟል። ከተገጨ መኪና ኦሪጅናል ፈትቼ፣ ጎሚኒውን፣ የውስጥ ላስቲኩን፣ በአዲስ ቀይሬ ገጠምኩልሽ። ያንቺን አስቀመጥኩልሽ።

ለምን አልነገርከኝም አልኩ።

«በሰው ፊት እንደዚያ ስትኮሪ፣ በሰው ፊት የውሸት ዕቃ ገዛሽ ልበልሽ? ብቻሽን ስትመጪ ልነግርሽ ነበር። መኪናውን ሊወስድ ዳዊት መጣ። አንቺ አልመጣሽም።»

ሚስቱ በሩን ዘጋችው።

ሐምሌ 15

አሰላሁ። ወይ እውነቱን ነው፣ ወይ ሰበብ ነው። አዲስ አዲስ ነው፣ አሮጌ አሮጌ ነው። ደግሞስ እጁን ያሰበርኩት ሰው በገጠመው ፍሬን ወንድሜን እንዴት እልካለሁ? ሲገጥመው እጁ ደህና እንደነበር አሁን ስጽፍ ነው የታየኝ። መኪናው ግን ሄዷል። ባልባላ ሰፈር፣ የማላውቀው ጋራዥ። ከሁ. መደርደሪያ ያነሣሁትን የእኔን ዕቃ ገጠሙት። ማንም አላሸተተውም።

ሐምሌ 20፣ 11 ሰዓት

ዳ. ሠላሳ ጆንያ ጭኖ ከፔካ 12 ሲወርድ ፔዳሉ ወለል ነካ። እንደገና ረገጠ፣ ባዶ። እጅ ፍሬኑን ሳበ፣ ጭነቱ ገፋው። የቆመ የኮንቴይነር መኪና ሥር ገባ። ፊቱ ጠፍጣፋ ሆኗል፣ የፒክአፑ ፊት። ስደርስ ዳ. ይጮህ ነበር፤ ጩኸቱ የሰው አይመስልም። ጆንያዎቹ ጋቢናው ላይ ፈንድተው ሽንኩርቱ ከደሙ ጋር ተፈጭቷል። ብረቱን የሚቆርጡት ሰዎች በሙሉ ያለቅሱ ነበር። ከሽንኩርቱ ነው።

ቀኝ እግሩን ከጉልበት በታች ቆረጡት። በሕይወት አለ።

ሐምሌ 21

ፔካ 12 ሙሉ አንድ ነገር ያወራል። ሁሴን ተበቀለ። የባልባላው ሰው ፍሬን አልነካሁም፣ ጎማ ብቻ ነው የነፋሁት ብሏል። ፖሊስ ሁ.ን በጄሶ እጁ ወሰደው። ነገ 3 ሰዓት እኔን ይጠይቁኛል፣ ፍሬኑን ማን ነካው ብለው።

ሆስፒታል። ዳ. ነቅቷል። አንሶላው ጠፍጣፋ የሆነበትን ቦታ ያያል፣ ወዲያው ዓይኑን ያዞራል። የባልባላውን ነገር እሱም ያውቃል። ሁሴን ነው በይ አለኝ። እንደዚያ ካልኩ ዳ. የመታው ሌባና ነፍስ ሊያጠፋ የሞከረ ሰው ነው፣ ማንም ዳ.ን አይከሰውም። ካላልኩ የሁ. ቤተሰብ ይከሰዋል፣ በአንድ እግሩ ወኅኒ ይገባል። «እትዬ፣ አንድ ቃል ናት» አለ።

አንድ ቃል። ስለ ሰረቀ እጅ ያልኩትም አንድ ቃል ነበር።

ሐምሌ 22፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል

ስብርባሪው የቆመበት ግቢ ሄጄ ማስተሩን አስፈታሁ። አሁን ፊቴ ነው። ላስቲኩን በጣቴ ነካሁት፤ እንደታኘከ ማስቲካ ተጎተተ። ሽታው ዛሬ ነው የገባኝ። ነጥቡ አልለቀቀም።

በፌስታል ጠቀለልኩት። መጀመሪያ ለፖሊሶቹ የምነግራቸው ማን እንደገዛው ነው። ቀጥሎ ማን እንዳስገጠመው። ከዚያ ስለ እጁ፣ እኔ ምን እንዳልኩ፣ ዳ. ምን እንዳደረገ። የዳዊት የተከሳሽ ወንበር ከእኔ አጠገብ ይሆናል።

እስከ ዛሬ በዚህ ቀለም ስንት ጆንያ ከሰው እጅ አስመልሻለሁ። ቀይ ነጥብ ያለው የእኔ ነው። ወጣሁ።