ያልገጠመው ደሜ

ጥቅምት 4
ጠዋት የአንድ ዳቦ ቤት የመብራት መስመር ስቀጥል አረፈድኩ። ባለቤቱ አናቴ ላይ ቆሞ ሲጨቀጭቀኝ...

ከሰዓት ሆስፒታል። የታናሽ እህቴ የደም ካንሰር በመድኃኒት አልመለስ ስላለ፣ መቅኔ ልሰጣት ተመርምሬ ነበር። አልገጠመም። ግማሹ ብቻ ነው የሚመሳሰለው። እማዬ አለቀሰች። እኔም አንገቴን ደፋሁ።

ውስጤ ግን ደስ አለው። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ኤሌክትሪክ ሲነዝረኝ የምስቅ ሰውዬ፣ መርፌ እፈራለሁ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ጥቅምት 9
የእህቴ ሐኪም ደወለች። ሌላ መላ አለ። በደማችን ውስጥ ገዳይ የሚባሉ ሕዋሳት አሉ አለች። የተበላሸ ሕዋስ ሲያገኙ የማንንም ትእዛዝ አይጠብቁም።

«የእህትዎ ገዳይ ሕዋሳት ካንሰሩን የቤት ሰው መስሏቸው ያሳልፉታል። የእርስዎ ግን አያውቁትም።»

«አልገጠመም አላላችሁም እንዴ?»

«ለዚህኛው አለመግጠሙ ነው የሚጠቅመን።»

መሸሸጊያዬ ሄደ። እማዬስ ብል፣ ስኳር ስላለባት አይሆንም። ሥራ በዝቶብኛል፣ በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ አልኩ።

ጥቅምት 15
አልሄድኩም። ጉንፋን ይዞኛል አልኩ። ከየት የመጣ ጉንፋን!

ጥቅምት 23
ዛሬም «ነገ»። እማዬ ደወለች። «ምነው ልጄ፣ እንዲህ ጨከንክ?» 

ጥቅምት 28
በሽታው በርትቶባታል። ሄድኩ።

በሁለቱም ክንዶቼ መርፌ። ደሜ በአንዱ ወጥቶ፣ ማሽኑ የሚፈልገውን ለቅሞ፣ በሌላው ይመለሳል። ዓይኔን ጨፍኜ ላብ በላብ ሆንኩ። ነርሷ «ጨርሰናል» ስትለኝ ቀና አልኩ። ይኼው ነው? ይህን ነው ስሸሽ የከረምኩት?

ኅዳር 1
ሕዋሳቱን ሰጧት። አንቀጠቀጣት፣ አተኮሳት። «ሥራ ጀምረው ይሆናል» አለች ሐኪሟ።

እህቴ ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ «ጋሼ፣ በአንተ ነው የወጡት። ጠብ ይወዳሉ» አለችኝ። እማዬ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች።

ኅዳር 12
ደሟ ውስጥ ያለው ካንሰር ቀንሷል። ሾርባ ጠጣች። እግዜር ይመስገን።

ኅዳር 20
ካንሰሩ ተመለሰ። የእኔ ሕዋሳት በእሷ ሰውነት ውስጥ ብዙ አይቆዩም። አልቀዋል። እንደገና ልስጥ ብዬ ለመንኩ፤ አሁኑኑ፣ የፈለጋችሁትን ያህል! ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። ከሕዋሳቱ በፊት የሚሰጠውን ከባድ መድኃኒት አሁን አትችለውም።

«ትንሽ ቀደም ብለን ቢሆን...» ብላ ተወችው።

ቆጨኝ። ቆጨኝ ብቻ? አንጀቴ አረረ።

ኅዳር 24
እማዬ ልብስ ልትቀይር ቤት ሄደች። ሁለታችን ብቻ።

«ጋሼ... ያኔ ለምን ቀረህ?»

«ፈርቼ።»

«ምኑን?»

«መርፌውን።»

ትኩር ብላ አየችኝ። ከዚያ ሳቀች፤ ሳል እስኪያቋርጣት ሳቀች። ውኃ አጠጣኋት። እጄን ያዘችው።

«ተመስገን» አለች። «እኔ እኮ የጠላኸኝ መስሎኝ ነበር።»

ያን ሁሉ ጊዜ ተኝታ፣ በምን እንዳስቀየመችኝ ስታስብ ነበር።