ክዳኑ ላይ የነበረው ስምሽ

ውድ እታለም፣

ዛሬም ቁርስ ሳትቀምሺ በቤተ ሙከራ ወደምታሳድጊያቸው ሴሎችሽ ሮጠሽ ይሆን? እኔ ትኩሳት ይዞኝ ስቃዥ እንኳ «ይርባቸዋል» ብለሽ ጥለሽኝ ሄደሻል። በዓይን በማይታይ ነገር ይቀናል? እኔ ቀንቻለሁ።

አሁን ደግሞ የምቀናው ቀውላላው በምትይው የሥራ ባልደረባሽ ነው። ከቀብርሽ ማግስት ቤታችን መጥቶ ከእኔ በላይ አለቀሰ። ሴሎቹን ስትመግቢ እንደምታንጎራጉሪ ነገረን። ቤት ውስጥ አንጎራጉረሽ አታውቂም። እማዬ በሩ እንዳይመታው «ጎንበስ በል ልጄ» ስትለው ጥርሴን ነከስኩ።

የመጣበትን ጉዳይ ያነሳው ሊወጣ ሲል ነው። በቤተ ሙከራችሁ ደንብ ባለቤት የሌለው የሴል ሳህን ይጣላል። ሴሎችሽ እንዲተርፉ ከሳህኑ ክዳን ላይ ያንቺ ስም ጠፍቶ የእሱ መጻፍ አለበት። «ሳልጠይቃችሁ ስሟን ለማጥፋት እጄ እሺ አላለኝም» አለ። እማዬ ወደ እኔ ዞረች።

«ይጣሉ» አልኩ። የእሱ ከሚሆኑ ቢሞቱ ይሻለኝ ነበር።

አልተከራከረኝም፤ ከመጣላቸው በፊት አንዴ እንዳያቸው ብቻ ለመነኝ። በነጋታው ከትምህርት ቤት ስወጣ ሄድኩ። ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ማይክሮስኮፕ ላይ አስጎነበሰኝ። ሳህኑ ላይ ጠብታ ሲጨምር ሴሎቹ አረንጓዴ ቦግ አሉ።

«ካልሲየም ገባ ማለት ነው» አለኝ። «መልእክተኛ በለው። የውጭውን ወሬ ይዞ እስከ ሴሉ እምብርት፣ እስከ ኒውክለሱ ይዘልቃል፤ እዚያ ተኝቶ የነበረ ጂን፣ የሴሉ መመሪያ በለው፣ ነቅቶ መነበብ ይጀምራል።»

«ወዲያው ጠፋ እኮ።»

«ብርሃኑ ይጠፋል። የተነበበው ጂን ግን ሴሉን ይለውጠዋል። አንዴ ብቻ ቦግ ካለ ብዙም አይሰራም፤ መደጋገም አለበት። እህትህ ማወቅ የምትፈልገው ስንት ጊዜ እንደሆነ ነበር። አልጨረሰችም።»

እኔ ስጠይቅሽ «ስታድግ» ትይኝ ነበር። ለእሱ ግን ሁሉን ነግረሽዋል። ሳልሰናበተው ወጣሁ።

ዛሬ ዘመድ ሁሉ ተበትኖ፣ እማዬም ሥራ ገብታ፣ ብቻዬን የነቃሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ነው። ዩኒፎርሜን ለበስኩና ከትምህርት ቤት በፊት ወደ ቤተ ሙከራው ሄድኩ። ቅናቱ አልወጣልኝም። ግን ሥራሽ ተጀምሮ ከሚቀር በእሱ ስም ይጨረስ አልኩ። ስሙን ልለውጥ መጣሁ ስለው ቀውላላው ገና ያልጣለውን ሳህን አቀረበልኝ። ጥጥ አልኮል ውስጥ ነክሬ ስምሽን ጠረግሁ፤ የእሱን በራሴ እጅ ጻፍኩ።

«እኔ ልመግባቸው?» አልኩት።

«መጀመሪያ እጅህን ታጠብ።»

ታጠብኩ።

ቅናተኛው ወንድምሽ