የሁለተኛው ቀን የደም ውጤት

ውዴ አብዱልፈታህ፣

አላህ ይዘንልህና፣ ከተለየኸን ሰባት ወር ሞላ። በሆዴ ትተሃት የሄድከው ልጅ ተወልዳለች። ስሟን ሐያት ብያታለሁ። በጆሮዋ አዛን ያለላት ወንድምህ ነው፤ ድምፁ ያንተን ስለሚመስል ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስኩ።

በተወለደች በሦስተኛው ቀን ጡት እምቢ አለች። ትኩሳት የላትም፣ አታለቅስም፣ ዝም ብላ ትተኛለች። እናትህ «ጨዋ ልጅ ናት፣ ተያት ትተኛ» አሉኝ። እኔ ግን የበኩር ልጃችን ትዝ አለኝ። እሱም እንዲሁ ጨዋ እንደተባለ ነው በአራተኛው ቀን ያጣነው። ያኔ ከቀብር ተመልሰህ «አላወቅንም እኮ» ያልከኝ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። አራስነቴን ትቼ ልጄን ታቀፍኩና ከእናትህ ጋር ከፈላና በር ባጃጅ ይዘን ሆስፒታል ሄድን።

ከተረከዟ ደም ወሰዱ። ሰውነት ከኢንፌክሽን ጋር ሲታገል ደም ውስጥ የሚጨምር ሲአርፒ የሚባል ነገር እንዳለ ሐኪሟ አስረዳችኝ። ውጤቱ ደህና ሆኖ መጣ። እናትህ «አልሐምዱሊላህ፣ በይ ወደ ቤታችን» ብለው ተነሡ።

ሐኪሟ ግን «እናቴ፣ ይታገሡኝ» አለቻቸው። «ቁጥሩ እስኪጨምር ሰዓታት ይፈጃል። የልጅቷ ሁኔታ ደግሞ አላማረኝም። መድኃኒቱን አሁኑኑ እንጀምርና ነገ ደግመን እናያለን።»

በማግስቱ ቁጥሩ በጣም ጨምሮ ተገኘ። ሐኪሟ «አይዞሽ፣ መድኃኒቱን ጀምረን በሽታውን ቀድመነዋል» አለችኝ። ከሁለት ቀን በኋላ መውረድ ጀመረ፤ በዚያው ቀን ሐያት ጡቴን አጥብቃ ያዘች። እንዴት እንዳመመኝ፣ እንዴትም እንደሳቅሁ ብታይ! እናትህ የሐኪሟን እጅ ይዘው ረጅም ዱዓ አደረጉላት።

የስፌት መኪናህን አልሸጥኩትም፤ እኔው የልጆች ልብስ እሰፋበታለሁ። እናትህ ደግሞ አሁን በሰፈሩ አራስ አለች ሲባል ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ገብተው ሳይቀመጡ «ይጠባል ወይ?» ይላሉ። ባለፈው ሳምንት አንዲትን ጎረቤታችንን እየጎተቱ ሐኪም ቤት ወስደዋታል።

አብዱዬ፣ ለአንተና ለበኩራችን ዱዓ ሳላደርግ የዋልኩበት ቀን የለም፣ አይኖርምም። ሐያትም አባቷ ማን እንደነበር ከእኔ አፍ እየሰማች ታድጋለች። ዛሬ የጻፍኩልህ ግን ይህን ልነግርህ ስለቸኮልኩ ነው፤ ጠዋት ስትስቅ ግራ ጉንጯ ላይ ያንተ ስርጉድ ወጣ።